ጋቢዮኑ ይቆጠርልኛል ወይ?

ጥያቄው ባጭሩ ይኼ ነው። «ጋሼ፣ የምኖረው ኮምቦልቻ ነው፣ ሲቪል ምህንድስና አስተምራለሁ። ረዳት ፕሮፌሰር ነኝ። ሦስት ዓመት ሙሉ ደሴ ላይ ከአንድ ቀበሌ ጋር በመሬት መንሸራተትና በቦረቦር ጉዳይ ስሠራ ቆየሁ። ጋቢዮን (በሽቦ መረብ የታሰረ የድንጋይ ግድግዳ) አሠራን፣ የውሃ መውረጃ ቦይ ቀየስን። አሁን ለተባባሪ ፕሮፌሰርነት ፋይሌን ላስገባ ስል ኃላፊዬ ‹እሱ በጎ ፈቃድ ነው፣ ኮሚቴው የሚያየው ጆርናል ነው› አለኝ። አሜሪካ የሚያስተምረው የአክስቴ ልጅ ደግሞ እዚያ ለቴኑር የማህበረሰብ አገልግሎት ይቆጠራል ይለኛል። የማንን ልስማ? ምንስ ላስገባ?» ከሥሩ የሠራሽውን ሁሉ ዘርዝረሻል። ወደ እሱ እመጣለሁ።

አብሽሪ። በመጀመሪያ አንቺ ልበልሽ፣ በዕድሜ አባትሽ ሳልሆን አልቀርም። የት እንደምታስተምሪ አልነገርሽኝም፣ እኔም አልጠይቅም። ጡረታ ከመውጣቴ በፊት ግን ከአንድም ሁለት ቦታ የማዕረግ እድገት ኮሚቴ ላይ ተቀምጫለሁና የምነግርሽ ከጠረጴዛው ወዲያ ማዶ ሆኖ ፋይል ሲገልጥ የኖረ ሰው የሚያውቀውን ነው።

ከአክስትሽ ልጅ ልጀምር። አልዋሸሽም፣ ግን አሳምሮታል። ቴኑር እኛ ጋ ካለው የማዕረግ እድገት ጋር አንድ አይደለም። እዚያ መምህሩ ሲቀጠር የሙከራ ጊዜ ይሰጠዋል፣ አብዛኛውን ጊዜ ስድስተኛው ዓመት ላይ ፋይሉ ይታያል። ካለፈ ያለ በቂ ምክንያት ማንም አያሰናብተውም። ካላለፈ አንድ ዓመት ይሰጡትና ዕቃውን ሸክፎ ይወጣል። የሙከራው ጊዜ ከሰባት ዓመት አይብለጥ የሚለው መርህ እ.ኤ.አ. ከ1940 ጀምሮ ያለ ነው። አንቺ ዘንድሮ ባታልፊ የምታጪው ማዕረጉንና የደመወዝ ጭማሪውን ነው። ሰኞ ጠዋት ክፍል ትገቢያለሽ። ስለዚህ የሱን ምክር እንዳለ አትውሰጂ። እሱ የሚጫወተው በእንጀራው ነው።

ደግሞ እዚያ «ሰርቪስ» የሚሉት ነገር ብዙውን ጊዜ ሰፈር ወርዶ መሥራት አይደለም። የዲፓርትመንት ኮሚቴ፣ የጆርናል ጽሑፍ መገምገም፣ የሙያ ማህበር ስብሰባ ነው። ሦስተኛ መስፈርት ተብሎ ይጻፋል። ወጣቶቹን ግን ትልልቆቹ በር ዘግተው የሚመክሯቸው «ቴኑር እስክታገኝ እምቢ ማለት ልመድ» ብለው ነው። እዚህም እዚያም ወረቀቱ ሌላ፣ ልማዱ ሌላ።

ይህ ነገር እዚያም ብዙ አከራክሯል። በትምህርት ጉዳይ የሚሠራው የአሜሪካው የካርኔጊ ፋውንዴሽን ፕሬዚዳንት የነበረው ኧርነስት ቦየር እ.ኤ.አ. በ1990 ባወጣው ጥናት የምሁር ሥራ አዲስ ነገር ማግኘት ብቻ አይደለም አለ። ከየመስኩ የተገኘውን ማዋሃድ አለ፣ እውቀትን ሥራ ላይ ማዋል አለ፣ ማስተማር አለ። ሁሉም የምሁር ሥራ ነው፣ እኩል ይመዘን ነው ነገሩ። የማህበረሰብ አገልግሎት ይቆጠር የሚሉ ሰዎች ሁሉ እስከዛሬ እሱን ይጠቅሳሉ። ብዙዎቹ ግን ቀጥሎ ያለውን ይዘሉታል። ቦየር አጥብቆ የለየው አንድ ነገር አለ፦ የጥሩ ዜጋ ሥራና የምሁር ሥራ አንድ አይደሉም። የሚቆጠረው ከራስሽ የሙያ መስክ የፈለቀው ነው። ከዚያ በኋላ አንዳንድ ዩኒቨርሲቲዎች ሕጋቸውን ቀየሩ፣ ለምሳሌ ኦሪገን ያለው ፖርትላንድ ስቴት ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1996 የእድገትና የቴኑር መመሪያው ውስጥ ይህን አስገብቷል።

እኛም ቢሆን ለነገሩ እንግዳ አይደለንም። ጎንደር እ.ኤ.አ. በ1954 የጤና ኮሌጁ ሲከፈት የጤና መኮንኑ፣ ነርሷና ሳኒታሪያኑ (የአካባቢ ንጽሕና ባለሙያው) በቡድን ወደ ማህበረሰቡ ወጥተው እንዲሠለጥኑ ታስቦ ነው። ሐረማያ ከኦክላሆማ የግብርና ኮሌጅ ጋር ሲቆም ማስተማሩ፣ ምርምሩና ለገበሬው የሚሰጠው የኤክስቴንሽን አገልግሎት ሦስቱም አብረው መጡ። ጅማ ማህበረሰብ ተኮር ትምህርትን መታወቂያው አድርጎታል። እ.ኤ.አ. ከ1964 ጀምሮ ደግሞ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳይመረቅ አንድ ዓመት ክፍለ ሀገር ወጥቶ ማገልገል ግዴታው ነበር። እኔን ሰባተኛ ክፍል ሒሳብ ያስተማረኝ እንዲህ የመጣ ልጅ ነው፣ ብርድ አይችልም ነበር፣ ጋቢ ደርቦ ነው የሚያስተምረን። አሁን ያለው የከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ቁጥር 1152/2011ም የማህበረሰብ አገልግሎትን ከማስተማርና ከምርምር ጎን አስቀምጦታል። ስለዚህ ኃላፊሽ «አይታይም» ሲልሽ ሕጉ አይደለም የተናገረው። ልማዱ ነው።

ልማዱ ግን ከየት መጣ? ይኼን ሳትረጂ ፋይል ብታስገቢ ዋጋ የለውም።

አንድ ጊዜ ኮሚቴ ላይ ሳለሁ የአንድ የግብርና መምህር ፋይል ደረሰን። ሰውዬውን አውቀዋለሁ፣ ገበሬ መሀል የሚውል፣ ጫማው ጭቃ የማይለቀው ነው። ፋይሉ ውስጥ ሃያ ምናምን ሰርተፍኬት አለ። «ላደረጉልን ቀና ትብብር ከልብ እናመሰግናለን።» ሁሉም አንድ ዓይነት፣ ማህተሙ ብቻ ይለያያል። ምን እንደሠራ አይናገርም። ገበሬው ምን እንደተለወጠለት አይናገርም። አንዱ የሦስት ዓመት ሥራ ነው፣ አንዱ የግማሽ ቀን ስብሰባ፣ በወረቀት ግን እኩል ናቸው። አንድ አባል ሚዛን ላይ አውጥቶ እንደሚመዝን ሰው ክላሰሩን በእጁ ከፍ ዝቅ አደረገና ሳቀ፣ እኛም ሳቅን። ከዚያ ወደ ኅትመቱ ሄድን፣ ሁለት ብቻ ነበረው፣ ወደቀ። እጄን ካወጡት አንዱ እኔ ነኝ። እስከዛሬ ይከነክነኛል፣ ግን ዛሬም ያው ፋይል ቢመጣ በምን ላሳልፈው እንደምችል አላውቅም። ጆርናል ላይ የወጣ ጽሑፍ ቢያንስ ሌላ ሰው አንብቦት «ይሁን» ብሎታል። የሰርተፍኬቱን ነገር ማን አየው? ኮሚቴ ሰነፍ ነው፣ አልክድም። ሰው የመዘነለትን መቀበል ይወዳል። ያንቺ ሥራ ያልተመዘነ ሆኖ ከመጣ ደግሞ ሊመዝንልሽ አይነሳም።

አሁን ዝርዝርሽን እንየው። ጋቢዮንና ቦይ፤ ለማዘጋጃ ቤት ቴክኒሻኖች የሦስት ቀን ሥልጠና፤ ቅዳሜ ቅዳሜ የስምንተኛ ክፍል ልጆችን ሒሳብ ማስጠናት፤ የቅሬ (የእድር) ጸሐፊነት፤ ደም ልገሳ፤ ችግኝ ተከላ፤ የዲፓርትመንት ሁለት ኮሚቴ።

ቅሬውን አውጪው። ደሙንም። ችግኙንም። እንዳትቀየሚኝ፣ ቅሬ ጸሐፊ መሆን ቀላል ነገር አይደለም፣ ወሎ ውስጥ ቅሬ የሌለው ሰው ሰው አይባልም፣ ሞትን ብቻውን ማን ይችለዋል። ግን ቅሬሽ አንቺን የመረጠው መሐንዲስ ስለሆንሽ አይደለም፣ እጅሽ ስለማያጥር ነው። ቦየር ያለው ልዩነት ይኼው ነው። ችግኙ ላይ ደግሞ አንድ ነገር ልበል፣ እውነት ለመናገር ይኼን «የማህበረሰብ አገልግሎት» የሚባለውን ቃል ያረከስነው እኛው ነን። ባነር ይዞ መውጣት፣ ፎቶ መነሳት፣ ሪፖርት ላይ ማስገባት፣ ክረምት ሲወጣ ችግኙን ዞር ብሎ አለማየት። ኮሚቴ ላይ የሚቀመጠው ሰው ያንን ፎቶ ራሱም ተነስቶታል። ስለዚህ ከጋቢዮኑ ጎን የችግኝ ፎቶ ካየ ጋቢዮኑንም እንደ ችግኙ ነው የሚያየው። ከመልካም ሥራ አጠገብ የሚቀመጠውን መምረጥ አለብሽ።

የቅዳሜዋ ማስጠናት ጥሩ ናት፣ በአንድ መስመር ትግባ፣ ከዚያ አትለፊ። የዲፓርትመንት ኮሚቴዎቹ በተቋሙ ጉዳይ መሳተፍ በሚለው ሥር የራሳቸው ቦታ አላቸው፣ ከማህበረሰብ አገልግሎት ጋር አትቀላቅያቸው። በነገራችን ላይ ሁለት ኮሚቴ ለምን ተሰጠሽ? ዲፓርትመንቱ ውስጥ ስንት ሴት ናችሁ? «የሴት አባል ያስፈልጋል» እየተባለ ሴት መምህራን ቃለ ጉባኤ ሲይዙ የሚውሉበትን ቦታ ብዙ አይቻለሁ። ወንዶቹ በዚያ ሰዓት ጽሑፋቸውን ይጽፋሉ። ከፋይሉ በኋላ አንዱን መልሺላቸው።

ሥልጠናው ከጋቢዮኑ ጋር ይሂድ። የጋቢዮኑ ሥራ ነው ፋይልሽ።

እዚህ ላይ ቆም ብዬ ልናገር። ከቦየር በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1997፣ እዚያው ካርኔጊ ያሉ ሦስት ሰዎች የተለያየ ሥራ በምን አንድ ሚዛን ይለካ ብለው ስድስት ነገር አወጡ። ግልጽ ዓላማ፣ በቂ ዝግጅት፣ ተገቢ ዘዴ፣ ፋይዳ ያለው ውጤት፣ ለሌላ ሰው በደንብ ማቅረብ፣ መጨረሻው ደግሞ ራስን መተቸት። ላብራቶሪም ይሁን ቦረቦር፣ መለኪያው አንድ ነው። እኔ አንቺን ብሆን በዚህ ስድስት ነገር ከስድስት እስከ ስምንት ገጽ እጽፋለሁ። ኮሚቴው ስድስቱን ባያውቃቸውም ሲያነብ ይገባዋል።

ደሴን እንደምታውቂያት ናት። በጦሳና በአዝዋ ገደል መሀል የተሸጎጠች፣ ውሃው ሁሉ ከሁለቱም ወገን ወደ መሀል ወርዶ ቦርከና የሚገባባት ከተማ ናት። አፈሩ ክረምት ላይ ውሃ ሲጠጣ ይከብዳል፣ ተዳፋቱ መሸከም ሲያቅተው ይንሸራተታል። ይኼን አንቺ ለኔ ታስተምሪኛለሽ እንጂ እኔ ላንቺ አላስተምርም። ኮሚቴው ውስጥ ግን የሒሳብ ሰው አለ፣ የማኔጅመንት ሰው አለ። እነሱ ጋቢዮን ሲሉ በሽቦ የታሰረ ድንጋይ ነው የሚታያቸው፣ «ይኼን ግንበኛም ይሠራዋል» ይላሉ። ስለዚህ ችግሩን በነሱ ቋንቋ ጀምሪ። ስንት ቤት አደጋ ላይ ነበር? ቦረቦሩ በዓመት ስንት ሜትር ይበላ ነበር? ለክተሽ ነው የጀመርሽው ወይስ ዝም ብለሽ? በመልእክትሽ ላይ «ችካል ተክለን በየወሩ እንለካ ነበር» ብለሽ በአንድ መስመር አልፈሽዋል። እህቴ፣ እሷ መስመር እኮ ናት ወርቁ! የችካሉ መዝገብ ካለሽ ሥራሽ በጎ ፈቃድ አይደለም፣ ጥናት ነው። መዝገቡ የት ነው? ደብተር ላይ ከሆነ ዛሬውኑ ፎቶ አንሺው።

ሌላ በችኮላ ያለፍሽው ነገር አለ። «አንዱ ግን በሁለተኛው ክረምት ፈረሰብን፣ እሱን ፋይሉ ላይ ላለማስገባት አስቤያለሁ» ብለሻል።

አስገቢው። እንዲያውም መሀል ላይ አድርጊው።

ለምን እንደፈረሰ እኮ ራስሽ ጽፈሽልኛል። ግድግዳው ቀድሞ ተሠራ፣ ከላይ የሚመጣው ውሃ ግን አቅጣጫ አልያዘም ነበር፣ ከሥሩ ሸረሸረው፣ ጋቢዮኑ በጎኑ ተጋደመ። ከዚያ በሦስተኛው ዓመት መጀመሪያ ቦዩን ቀየሳችሁ፣ ውሃውን አዞራችሁ፣ ግድግዳውን ከዚያ በኋላ ሠራችሁ፣ ቆመ። አዲሱ ነገር ይኼ ነው። ብዙ ቀበሌ ገንዘብ ሲያገኝ በመጀመሪያ የሚያሠራው ግድግዳውን ነው፣ ምክንያቱም ግድግዳ ይታያል፣ ይመረቃል፣ ቦይ አይመረቅም። አንቺ በልኬት የተደገፈ የቅደም ተከተል ትምህርት ይዘሻል። ከስድስቱ መለኪያ የመጨረሻው፣ ራስን መተቸት የተባለው፣ ይኸው ነው፣ እኔ ደግሞ በኮሚቴ ዘመኔ እሱን የያዘ ፋይል ከሁለት በላይ አላየሁም። ሁሉም ሰው ሥራው ሠርቶለታል። ሁሌ የሠራለት ሰው ፋይል ይጠረጠራል። ቀበሌው እንዳይከፋው ከፈራሽ ቀድመሽ አሳያቸው፣ ስም ሳትጠሪ «በመጀመሪያው ዙር» በዪ።

አሁን ወደ ወረቀቱ። የምስጋና ደብዳቤ አትጠይቂ። የምትጠይቂው የምስክርነት ደብዳቤ ነው፣ ልዩነቱ ሰማይና ምድር ነው። ደብዳቤው ላይ ከመቼ እስከ መቼ እንደሠራሽ፣ ምን እንዳመጣሽላቸው፣ እነሱ ምን እንደወሰኑበት፣ አሁን ማን እንደሚጠቀምበት ይጻፍ። ረቂቁን አንቺ ጻፊላቸው፣ ነውር የለውም፣ እነሱ ያርሙታል። ማዘጋጃ ቤቱ ያንቺን የቦይ ቅየሳ ሌላ ሰፈር ላይ ከተጠቀመበት የሱን ማስረጃ ፈልጊ። ባልተጋበዝሽበት ቦታ ሥራሽ መግባቱ ከአሥር ሰርተፍኬት ይበልጣል። የሠለጠኑት ቴክኒሻኖች ከሥልጠናው በኋላ ምን እንደሠሩ ሁለት ሦስቱን ደውለሽ ጠይቂና ጻፊው። ከቤቱ ባለቤቶች አንዷ እናት ደግሞ አስተያየታቸውን ቢሰጡ አልጠላም፣ ፈቃዳቸውን ጠይቀሽ፣ ግን እንባ የሚያስነባ እንዳይሆን። «ድሮ ክረምት ሲገባ ልጆቼን ይዤ እህቴ ቤት ነበር የማድረው፣ ዘንድሮ አልወጣሁም» ይበቃል።

ሠርገኛ መጣ በርበሬ ቀንጥሱ እንዳይሆንብሽ ብቻ። ፋይሉን የምታስገቢው መቼ ነው? ሁለት ወር ካለሽ ይበቃሻል። ሁለት ሳምንት ከሆነ ለሚቀጥለው ዙር አቆዪው።

ስለ ኅትመት። እዚህ ላይ ኃላፊሽ ልክ ነው፣ ደስ ባይልሽም። የተቋምሽን የሴኔት ሕግ አውጥተሽ አንብቢ፣ ከሰው አፍ አትስሚ። ለተባባሪ ፕሮፌሰርነት የሚጠየቀው የጽሑፍ ብዛት እዚያ አለ፣ የጆርናሉም ዓይነት አለ፣ አገልግሎት የያዘውም ነጥብ አለ። የትም ሕግ ላይ አገልግሎት የጎደለ ኅትመትን ሲተካ አላየሁም። አገልግሎትሽ ብቻውን አያሳድግሽም። ግን የችካሉ መዝገብ፣ የፈረሰው ግድግዳና የቆመው ግድግዳ አንድ ላይ ሆነው ጥሩ ጽሑፍ ናቸው፣ ምናልባትም ሁለት። አንድ ሥራ ሁለት ቦታ ይቆጠራል ወይ ካልሽኝ አዎ፣ ሁለት የተለያየ ነገር እስካሳየሽ ድረስ። ጽሑፉ ላይ ዘዴውና ልኬቱ፣ አገልግሎቱ ላይ ለሰው ያመጣው ለውጥ። ያንኑ አንቀጽ ሁለት ቦታ መለጠፍ ግን ያስወቅሳል። ደግሞ እባክሽ፣ በኢሜይል «የተከበሩ ፕሮፌሰር፣ በሁለት ሳምንት እናወጣልዎታለን» እያለ ገንዘብ የሚጠይቅ ጆርናል ላይ እንዳትልኪው። የሦስት ዓመት ሥራ እዚያ ይቀበራል።

የልኬቱ መረጃ የቀበሌውም ስለሆነ ከማሳተምሽ በፊት አስፈቅጂ። የለካውን የቀበሌ ልጅ ስም ምስጋናው ላይ አስገቢ፣ ብዙ ከሠራ ደራሲ አድርጊው።

በብዙ ቦታ ከተባባሪ ፕሮፌሰርነት ጀምሮ ሥራሽን ከተቋሙ ውጭ ላለ ገምጋሚ ይልኩታል። ስም የመጠቆም ዕድል ከሰጡሽ ከሦስቱ አንዱ ተዳፋት ላይ ቆሞ የሚያውቅ ሰው ይሁን። ቢሮ ብቻ የሚያውቅ ገምጋሚ የፈረሰውን ግድግዳ እንደ ጥፋት ያነብብሻል። የመስክ ሰው ግን ገጹን እየገለጠ ራሱን ይነቀንቃል፣ እሱም ፈርሶበት ያውቃላ።

ኃላፊሽን አትጣይው። ሄደሽ «ሕጉ እንዲህ ይላል» ብለሽ አዋጅ አታንብቢለት፣ የትም አያደርስም። ስምንቱን ገጽ አስነብቢው፣ «ጋሼ፣ ኮሚቴው ምን የሚጠይቀኝ ይመስልዎታል?» ብለሽ። ሰው በጠየቅሽው ጊዜ ያንቺ ወገን ይሆናል። ባይሆንም ጥያቄዎቹን ቀድመሽ ታውቂያለሽ።

የአክስትሽን ልጅ ደግሞ የራሱን ቴኑር ፋይል አሠራር ላክልኝ በዪው። እዚያ መምህሩ ራሱ ስለ ሥራው የሚጽፋት ትረካ አለች፣ አጻጻፏን እይ። ከአሜሪካ የምንወስደው ነገር ካለ እሷ ናት።

አንድ ነገር ግን ዛሬ አድርጊ። አብሮሽ የሠራው የቀበሌ ሥራ አስኪያጅ አሁንም ቦታው ላይ ከሆነ የሐረጎን ዳገት ወጥተሽ ደሴ ሄደሽ ደብዳቤውን ጠይቂ። ሐምሌ ሲገባ ሰው ይዛወራል፣ አዲሱ ደግሞ ፋይል ቁጥሩን ሲፈልግ መስከረም ይጠባል።